ሳትጋቢ ስታረግዢ፦ የልጅሽን አባት በሕግ የማሳወቂያና የማሳደጊያ ስምምነት መመሪያ

በዚህ ጉዳይ ምክር የሚጠይቁኝ እናቶች አብዛኞቹ የሚመጡት ልጁ ትምህርት ቤት ሊገባ ሲል ነው። ያኔ አባትየው ስልክ አያነሳም። አብረው ሲኖሩ ያዩ ጎረቤቶች ሰፈር ቀይረዋል። መልእክቶቹ የነበሩበት ስልክ ተሰብሯል። «መጀመሪያ ላይ እኮ ደስ ብሎት ነበር» ይሉኛል። አምናቸዋለሁ። ፍርድ ቤት ግን ደስታውን አላየም።

ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው በእርግዝና ወቅት ነው፤ እሱ ገና «ልጄ» እያለ ባለበት ጊዜ።

ከታች ያለው በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ላይ የተመሠረተ ነው። ይህ ሕግ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው። አማራ፣ ኦሮሚያ፣ ትግራይና ሌሎችም ክልሎች የራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው። በብዙ ነገር ይመሳሰላሉ፣ ግን ክልል ውስጥ ካለሽ በዚህ ተመርተሽ ከመክሰስሽ በፊት ወረዳ ፍርድ ቤትሽ ሄደሽ ጠይቂ።

አንድ ነገር ደግሞ በልብሽ ያዢ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ በጋብቻ ከተወለደ ልጅ ጋር እኩል መብት አለው ይላል። መዝገብ ቤት መስኮት ላይ ቆመሽ አንገትሽን የምትደፊበት ምክንያት የለም።

ደረጃ 1፦ የትኛው ሁኔታ ላይ እንዳለሽ ለዪ

መንገዱ ከዚህ ይለያያል። የሌላ ሰው መንገድ ይዘሽ ብትሄጂ ወራት ታባክኛለሽ።

ሀ. ከሌላ ሰው ጋር ያለሽ ጋብቻ በፍርድ ቤት አልፈረሰም? እዚህ ላይ ቁሚ። ተለያይታችሁ ዓመታት ቢያልፉም ሕጉ የልጁ አባት ብሎ የሚገምተው ባልሽን ነው። ጋብቻው ፈርሶም ቢሆን ልጁ በ300 ቀን ውስጥ ከተወለደ ግምቱ ወደ ቀድሞው ባል ይሄዳል። ይህ ግምት በፍርድ ሳይነሳ ሌላ ሰው «ልጄ ነው» ብሎ ቢፈርም አይጸናም። ይህ መመሪያ አይበቃሽም፤ ጠበቃ ያስፈልግሻል።

ለ. ሳትጋቡ እንደ ባልና ሚስት አብራችሁ ትኖራላችሁ? ይህ በሕግ የታወቀ ግንኙነት ነው። በዚያ ጊዜ የተጸነሰ ወይም የተወለደ ልጅ አባቱ አብሮሽ የሚኖረው ሰው ነው። የአንቺ ሥራ አብሮ መኖሩን ማስረዳት ብቻ ነው። ደረጃ 2ን በደንብ ሥሪ።

ሐ. አብራችሁ አትኖሩም፣ ግን ያምናል? ደረጃ 3 ላንቺ ነው። ዛሬ ነገ አትበይ።

መ. ይክዳል? ደረጃ 2፣ ከዚያ 4 እና 5።

ሠ. እርግዝናው በመደፈር የመጣ ነው? ወይም ዕድሜሽ ከ18 ዓመት በታች ነው? ከአባትነቱ በፊት ፖሊስና ሕክምና ይቅደም። አዲስ አበባ ከሆንሽ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሂጂ፤ ሕክምናውን፣ የምክር አገልግሎቱንና የሕግ ጉዳዩን አንድ ላይ የሚይዝ ማዕከል አለው። የወንጀሉ መዝገብ በኋላ ለአባትነት ክሱም ማስረጃ ይሆንሻል።

ደረጃ 2፦ ማስረጃሽን አሁኑኑ ሰብስቢ

አንድ ክላሰር ግዢ። የምትሰበስቢው ሁሉ እዚያ ይግባ።

1. የእርግዝና ክትትል ካርድሽን ጠብቂ። የመጀመሪያው አልትራሳውንድ የእርግዝናውን ዕድሜ ስለሚናገር ከሁሉ ይበልጣል። ኮፒ አድርጊው። አብሮሽ ለክትትል ከመጣና ስሙ የትም ቦታ ከተጻፈ ያንንም አትጣዪ።

2. መልእክቶቹን አስቀምጪ። ቴሌግራም ላይ ላኪው የላከውን ካንቺም ስልክ ላይ ማጥፋት ይችላል። ስለዚህ ዛሬ ስክሪንሾት አንሺ። ስልክ ቁጥሩና ቀኑ የሚታይ ይሁን፤ «ፍቅሬ» ብለሽ ያስቀመጥሽው ስም ብቻ ከታየ የማን መሆኑን ማስረዳት ይከብድሻል። ከፊትና ከኋላ ያለውን ወሬም አብረሽ አንሺ። ለምታምኛት እህትሽ ወይም ጓደኛሽ ላኪ፤ አንቺ ስልክ ላይ ብቻ አይቅር።

3. የገንዘብ ማስረጃ። በቴሌብር ወይም በባንክ «ለክትትል» እያለ የላከልሽን ደረሰኝ አትሚ። በእጁ ከሚሰጥሽ በስልክ ቢልክልሽ ይሻላል። ይህን ሳትጨቃጨቂ መጠየቅ ትችያለሽ።

4. ምስክሮች። ቢያንስ ሦስት ሰው ምረጪ። «ሲወጣ ሲገባ አይቻለሁ» የሚል ምስክር ደካማ ነው። «እዚህ ቤት ከሚያዝያ ጀምሮ አብረው ኖረዋል፣ ኪራዩን እሱ ነበር የሚከፍለኝ» የምትል አከራይ ወርቅ ናት። ስማቸውን፣ አድራሻቸውንና ስልካቸውን ጻፊ።

5. ቀኑን አስሊ። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ሕጉ እርግዝና ከ180 ቀን አያንስም፣ ከ300 ቀን አይበልጥም ብሎ ይነሳል። ስለዚህ ፍርድ ቤቱ የሚፈልገው ልጁ ከመወለዱ በፊት ከ300ኛው እስከ 180ኛው ቀን ባለው ጊዜ አብራችሁ እንደነበራችሁ ነው። ምሳሌ ላሳይሽ። ልጅሽ መስከረም 1 ቀን 2018 ተወለደ እንበል። ወደ ኋላ 300 ቀን ስትቆጥሪ ኅዳር 6 ቀን 2017 ትደርሻለሽ። 180 ቀን ስትቆጥሪ መጋቢት 6 ቀን 2017 ነው። ምስክሮችሽ መናገር ያለባቸው በእነዚህ ሁለት ቀኖች መካከል ስላለው ጊዜ ነው። «ክረምት ላይ አብረው አይቻቸዋለሁ» የሚል ምስክር ለዚህ ልጅ ምንም አይጠቅምም። ጳጉሜንን አትርሺ፤ እንደ ዓመቱ 5 ወይም 6 ቀን ናት።

ማስጠንቀቂያ፦ ስልኩን ሰርቀሽ አትክፈቺ። መልእክት አትፈብርኪ። አንድ የተነካካ ወረቀት ከተገኘ እውነተኛውም ሁሉ ጥርጣሬ ውስጥ ይገባል።

ደረጃ 3፦ የሚያምን ከሆነ ሳትወልጂ ቃሉን አስይዢ

ሕጉ ገና የተጸነሰ ልጅን መቀበል ይፈቅዳል። እስክትወልጂ መጠበቅ የለብሽም። ይህን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ስለሆነ ደግሜ እጽፈዋለሁ፦ በስድስተኛ ወርሽ ላይ ሆነሽ አባትየው «ይህ ጽንስ የእኔ ነው» ብሎ በሕግ ፊት መፈረም ይችላል።

ቁም ነገሩ የት እንደሚፈርም ነው። አንዲት የማውቃት ልጅ በሽማግሌ ፊት የተፈረመ ወረቀት ነበራት። ግማሽ ገጽ ነው፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈ፣ ከታች አራት ፊርማ። በፕላስቲክ ጠቅልላ ቁምሳጥን ውስጥ ነው ያስቀመጠችው። ልታስመዘግብ ስትሄድ ያንን ወረቀት የሚቀበላት አጣች። አባትየው ያን ጊዜ ሀገር ውስጥ አልነበረም። ሽማግሌዎቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ወረቀቱ ብቻ በትክክለኛው ቦታ አልተፈረመም።

ልጅነትን መቀበል የሚጸናው በክብር መዝገብ ሹም (ልደት፣ ጋብቻና ሞት በሚመዘግበው ባለሥልጣን) ፊት በሚሰጥ ቃል፣ በኑዛዜ ወይም ሥልጣን ባለው አካል በተረጋገጠ ጽሑፍ ነው። ስለዚህ፦

1. ጽሑፉን አዘጋጁ። ረጅም አይሁን። እንዲህ ይበቃል፦
«እኔ አቶ … (እስከ አያት)፣ ወ/ሪት … (እስከ አያት) በአሁኑ ጊዜ የያዘችው እርግዝና ከእኔ መሆኑን አውቄ፣ የሚወለደው ልጅ ልጄ መሆኑን በፈቃዴ ተቀብያለሁ።»
ከሥሩ ያንቺ፦
«እኔ ወ/ሪት … ከላይ የተሰጠው ቃል እውነት መሆኑን አረጋግጬ ተቀብያለሁ።»
ያንቺን ክፍል አትዝለዪ። እናት እውነት ነው ብላ ካልተቀበለችው የአባት ቃል ብቻውን ውጤት የለውም።

2. ሁለታችሁም በአካል፣ ዋናውን መታወቂያ ይዛችሁ ወደ ሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ሂዱ። ከመሄዳችሁ በፊት በስልክ ወይም ቅርብ ቅርንጫፍ በመጠየቅ ምን እንደሚያስፈልግ አጣሩ።

3. ቢሮው ውስጥ ሳትፈርሙ ስም አንብቡ። የአያት ስም ላይ የአንድ ፊደል ልዩነት ካለ እዚያው ይታረም። መታወቂያው ላይ «ኃይሉ» ከሆነ ጽሑፉም «ኃይሉ» ይበል፤ «ሀይሉ» ካለ ሌላ ቀን ሌላ ጣጣ ነው።

4. ማኅተም ያረፈበትን ከአንድ በላይ ቅጂ ውሰጂ። አንዱን እናትሽ ቤት አስቀምጪ።

አባትየው ውጭ ሀገር ካለ እዚያ ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ፊት ይፈርም። ወረቀቱ እዚህ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጥ፣ ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫ ይሂድ። ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ሆኖ በቪዲዮ «የኔ ነው» ማለቱ ልብ ያሞቃል፣ ግን ልጅነትን መቀበል ሆኖ አይቆጠርም። አጠቃላይ ውክልና ላለው ወንድሙ «አንተ ፈርምልኝ» ቢል ደግሞ አይበቃም። በወኪል ከሆነ ለዚሁ ጉዳይ ብቻ የተሰጠ፣ ፍርድ ቤት ያጸደቀው ልዩ ውክልና ያስፈልጋል።

«ሚስት አለኝ፣ አልችልም» ካለሽስ? ሚስት ያለው መሆኑ ልጁን በሕግ ከመቀበል አያግደውም። ይህን ንገሪው። ደግሞ እሱም ይወቅ፦ አንዴ ከተቀበለ በኋላ «ተውኩት» ማለት አይችልም።

ደረጃ 4፦ ልደቱን በ90 ቀን ውስጥ አስመዝግቢ

1. ከጤና ተቋሙ ስትወጪ የልደት ማሳወቂያ ወረቀቱን ሳትይዢ አትውጪ። ድካም ላይ ስለምትሆኚ ይህን ለአስታማሚሽ ቀድመሽ አደራ በያት።
2. ወደምትኖሪበት ወረዳ የሲቪል ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ሂጂ። መታወቂያሽን፣ የልደት ማሳወቂያውንና የደረጃ 3ን ሰነድ ያዢ። አባትየው መምጣት ከቻለ አብሮሽ ይምጣ።
3. አባትየው ካልተቀበለ አንቺ ብቻሽን አስመዝግቢ። መዝጋቢው ባንቺ ቃል ብቻ ያላገባሽውን ሰው አባት ብሎ አይጽፍም። አትጣዪው፤ ሕጉ ነው። የአባት ቦታ ለጊዜው ክፍት ይሁን። በኋላ እሱ ሲቀበል ወይም ፍርድ ቤት ሲወስን መዝገቡ ይስተካከላል።

እባክሽ ይህን አታድርጊ፦ ክፍት ቦታው አሳፍሮሽ የወንድምሽን ወይም የአጎትሽን ስም በአባት ቦታ አታስጽፊ። ልጁ ከስሙ ቀጥሎ የአባትሽን ስም ቢይዝ አንድ ነገር ነው። አባትሽን «የልጁ አባት» ብሎ መመዝገብ ግን የሐሰት መዝገብ ነው። እውነተኛው አባት ነገ ሊቀበል ቢመጣ መንገዱን የዘጋሽበት አንቺ ትሆኛለሽ።

ደረጃ 5፦ ከካደ ክስ መሥርቺ

የቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 143 አባትነት በፍርድ የሚታወቅባቸውን ምክንያቶች ይዘረዝራል። በቀላል አማርኛ፦ ልጁ በተጸነሰበት ጊዜ መደፈር ወይም ጠለፋ ከነበረ፤ «አገባሻለሁ» በሚል ቃል፣ በሥልጣን ወይም በሌላ ማታለል ከተወሰድሽ፤ አባትነቱን ያለ ጥርጥር የሚያሳይ እሱ የጻፈው ደብዳቤ ወይም ጽሑፍ ካለ፤ በእርግዝናው ዘመን አብራችሁ ኖራችሁ ያልተቋረጠ ግንኙነት ከነበራችሁ፤ ወይም እንደ አባት ሆኖ ልጁን በመንከባከብና በማሳደግ ከተካፈለ።

ክስሽን ከእነዚህ በአንዱ ወይም በሁለቱ ላይ አቁሚው። ብዙ እናቶች «ዲኤንኤ ይታይልኝ» ብለው ብቻ ይመጣሉ። ምርመራው ትልቅ ማስረጃ ነው፣ ነገር ግን ክሱን የሚሸከም ምክንያት ሳይጻፍ ምርመራ ብቻ መጠየቅ መሠረት የሌለው ቤት ነው። ያ በሽማግሌ ፊት የተፈረመው ወረቀት የሚጠቅመው እዚህ ነው። ልጅነትን መቀበል ባይሆንም እሱ የፈረመው ጽሑፍ ስለሆነ በማስረጃነት ይቀርባል።

ቅደም ተከተሉ፦

1. ነጻ የሕግ ድጋፍ ፈልጊ። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ይረዳል። ሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከል አላቸው። ክላሰርሽን ይዘሽ ሂጂ፤ ባዶ እጅሽን የሄድሽ ቀን ተመለሺ ትባያለሽ።
2. አዲስ አበባ ከሆነ በፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የቤተሰብ ችሎት አቤቱታ አስገቢ። በአንድ አቤቱታ ሦስቱንም ጠይቂ፦ አባትነቱ ይታወቅ፣ አሳዳሪነቱ (ልጁን ማን ይዞ እንደሚያሳድግ) ይወሰን፣ የወር ቀለቡ መጠን ይወሰን። ለየብቻ መክሰስ ጊዜሽን ይበላል።
3. የዳኝነት ክፍያ ካቃተሽ በደሃ ደንብ ለመክሰስ አመልክቺ። ከወረዳሽ የአቅም ማነስ ማስረጃ አምጪ።
4. የእሱን ትክክለኛ አድራሻ ስጪ። ክሶች በጣም የሚጓተቱት መጥሪያ ባለመድረሱ ነው። ቤቱን ካላወቅሽ የሥራ ቦታውን ጻፊ።
5. ዲኤንኤ ከፈለግሽ በጽሑፍ ጠይቂ። ትዕዛዙ ውስጥ የት እንደሚደረግና ወጪውን ማን እንደሚችል እንዲጻፍ አሳስቢ። በግልሽ አሠርተሽ የምታመጪው ውጤት ናሙናው የማን እንደሆነ ስለማይታወቅ ክርክር ያስነሳል።
6. ቀጠሮ አትቅሪ። ሕፃን ታሞብሽ ከሆነ የሐኪም ወረቀት ይዘሽ በማግስቱ መዝገብ ቤት ድረሺ። ከሳሽ ካልቀረበች መዝገቡ ሊዘጋ ይችላል።

በምርመራ ላይ እምቢ ካለ ዝም አትበይ። እምቢታው በመዝገብ እንዲሰፍርልሽ ጠይቂ፤ ችሎቱ ከሌላው ማስረጃ ጋር ይመዝነዋል። «ሌላ ወንድ ነበራት» ብሎ ሊያዋርድሽ ሊሞክርም ይችላል። ያማል። መልስሽ አጭር ይሁን፣ ወደ ቀኑና ወደ ምስክሮችሽ ተመለሺ።

ደረጃ 6፦ ልጁ ከማን ጋር ይኑር? ቀለቡስ?

አባቱ በሕግ ካልታወቀ አሳዳሪዋም ሞግዚቷም አንቺ ብቻ ነሽ። ሕጉ «አሳዳሪ» ሲል የልጁን አካልና ኑሮ የሚጠብቀውን ነው፤ «ሞግዚት» ሲል ደግሞ ንብረቱን የሚያስተዳድረውን፣ ቤት ውስጥ የምትቀጥሪያትን አይደለም።

አባቱ ከታወቀ በኋላ ግን እሱም መብት አለው። አንዳንድ እናቶች ይህን ሲሰሙ «ይቅርብኝ» ይላሉ። ፍርሃቱ ይገባኛል። ግን ልጁ ውርስም፣ ቀለብም፣ አባትም አብሮ ይቀርበታል።

ከተስማማችሁ በጽሑፍ አድርጉና ፍርድ ቤት ያጽድቅላችሁ። ያልጸደቀ ስምምነት ሲጣስ ወደ አፈጻጸም (በፍርድ ቤት ትእዛዝ በግድ ወደ ማስፈጸም) መሄድ አትችይም። እነዚህ ይጻፉበት፦

• ልጁ ከማን ጋር እንደሚኖር።
• አባት የሚያይበት ቀንና ሰዓት። «በፈለገ ጊዜ» ብላችሁ አትጻፉ፤ ጠብ የሚነሳው ከዚያች ቃል ነው። «ዘወትር እሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት፣ እናት ቤት» ይባል። ጡት እየጠባ እያለ አጭርና ቅርብ ይሁን፤ ሲያድግ ይሻሻላል።
• ዓመት በዓል። ገና ወይም ኢድ ከማን ጋር እንደሆነ ከአሁኑ ቁረጡ።
• ቀለብ በብር፣ በየወሩ በስንተኛው ቀን፣ በየትኛው ሒሳብ ቁጥር።
• ሕክምናና ትምህርት ቤት ማን ስንት እጅ እንደሚከፍል።
• ፓስፖርትና የውጭ ጉዞ፦ የሁለቱም ፈቃድ ያስፈልጋል ወይስ የአንቺ ይበቃል? ልትሰደጂ የምታስቢ ከሆነ ይህን መስመር አትርሺ።

ካልተስማማችሁ ፍርድ ቤቱ የልጁን ጥቅም አይቶ ይወስናል። ዕድሜውን፣ የሁላችሁንም ገቢ፣ ጤናና አኗኗር ይመለከታል። «ሕፃን ሁሌም የእናት ነው» የሚል የተጻፈ ዋስትና የለም። ስለዚህ የክትባት ካርዱን፣ የቤት ኪራይ ውልሽን፣ ሥራ ስትሄጂ ማን እንደሚይዘው የሚያስረዳ ሰው አዘጋጂ።

ቀለብ ስትጠይቂ «የሚችለውን ይስጥ» አትበይ። የአንድ ወር ወጪ በዝርዝር ጻፊ፦ ወተት፣ ዳይፐር፣ ሐኪም፣ ቤት ውስጥ ልጁን የምትይዘው ሠራተኛ ደመወዝ፣ ድርሻሽ የሆነ ኪራይ። የእሱን ገቢ የማታውቂ ከሆነ ለመሥሪያ ቤቱ የደመወዝ መጠየቂያ ደብዳቤ እንዲጻፍ ችሎቱን ጠይቂ። ደግሞ አትዘግዪ። ሳትጠይቂው ያለፈን ወር ወደ ኋላ ተመልሶ ማስከፈል በጣም ከባድ ነው።

ነገሩ መሐል ላይ ሲበላሽ

ተወስኖልሽ አልከፍልም ቢል፦ ክስ እንደገና አትጀምሪ። የአፈጻጸም መዝገብ ክፈቺ። ተቀጣሪ ከሆነ ከደመወዙ እንዲቆረጥ ጠይቂ።

ገንዘብ ስላልከፈለ ልጁን አላሳይም ማለት፦ አታድርጊው። ቀለብና ማየት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንዱን በሌላው ካሰርሽ አሳዳሪነቱ እንደገና ሲታይ ባንቺ ላይ ይነሳል።

ልጁን ወስዶ አልመልስም ካለ፦ ብቻሽን ወደ ቤቱ አትሂጂ። ውሳኔውን ይዘሽ ወደ ፖሊስና ወደ ወሰነው ችሎት በዚያው ቀን ሂጂ። የተጻፈ ውሳኔ የሌላት እናት እዚህ ላይ ነው የምትቸገረው።

ከዛተብሽ ወይም ከመታሽ፦ ሽምግልናውን ተዪው። ሕክምና ሂጂ፣ ማስረጃ ያዢ፣ ለፖሊስ አመልክቺ። ልጁን የሚያይበትም ሌላ ሰው ባለበት እንዲሆን ፍርድ ቤቱን ጠይቂ።

አንቺ ነፍሰ ጡር ሳለሽ አባትየው ከሞተ፦ ሐዘኑ መሐል ላይ ሆነሽም ይህን አስታውሺ። የተጸነሰ ልጅ በሕይወት ከተወለደና ለመኖር ከበቃ፣ ለጥቅሙ ሲባል አስቀድሞ እንደተወለደ ይቆጠራል፤ ስለዚህ ከአባቱ ይወርሳል። የሟች እናትና አባት በልጃቸው ስም ሆነው ልጅነቱን መቀበል ይችላሉ። ካርዱንና መልእክቶቹን ይዘሽ፣ የምታከብሩትን አንድ ሰው አስከትለሽ ወደ እነሱ ሂጂ። እሺ ካሉ እንደ ደረጃ 3 በተረጋገጠ ጽሑፍ ይፈርሙ። እምቢ ካሉ የወራሽነት ማስረጃ አውጥተው ንብረቱን ሳይከፋፈሉ በፊት፣ ሳትወልጂም ቢሆን፣ ጽንስ መኖሩን ለፍርድ ቤቱ በጽሑፍ አሳውቂና የልጁ ድርሻ እንዲጠበቅ ጠይቂ።